ከእራት እስከ ትራስ፦ የአንዲት የምሳ ቤት ባለቤት የቃር ጉዳይ

ጉዳዩ የታላቅ እህቴ ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ አስምላኛለች፤ የቀረውን ግን «ጻፊው፣ እንደኔ ሌሊት ለሌሊት የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም» ብላ ደብተሯን አስረክባኛለች። ደብተር ስል የተማሪ ደብተር ነው። ሽፋኑ ላይ የዘይት ጣት አለበት፤ መካከሉ ላይ ደግሞ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ አገኘሁ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ቃር ያለበት ሰው በየቀኑ አያለሁ። አንድን ቃር ከመነሻው እስከ መድረሻው የተከታተልኩት ግን በዚህ ደብተር ብቻ ነው። ክሊኒክ የሚመጣ ሰው ስለ እራቱ የሚያወራኝ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው፤ እህቴን ግን ማታ ማታ እየደወልኩ መነዝነዝ እችላለሁ።

እህቴ 47 ዓመቷ ነው፣ አዳማ ውስጥ ትንሽ ምሳ ቤት አላት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ58፣ ክብደቷ ያኔ 78 ኪሎ። አታጨስም፤ መጠጥ የምትቀምሰው ለበዓል ነው።

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። «ደረቴ ነደደ። አፌን መራራ ውሃ ሞላው። ልቤ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ደረጃ ስትወጣ ወይም ሸክም ስታነሳ ይመጣባት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ኧረ እቴ! የሽንኩርት ጆንያ ስጎትት ምንም አይለኝ። ጎኔን ሳሳርፍ ነው የሚነሳው።» ላብ የለም፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም የለም። ያም ሆኖ ጠዋት ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ እንድትነሳ አደረግሁ። ከ40 ያለፈ ሰው ደረቴን አቃጠለኝ ሲል፣ ልቡ ሳይታይ «ቃር ነው» ብሎ መልሶ መተኛት ድፍረት ነው። የልብ ሕመም ቃር መስሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ። የእሷ ልብ ደህና ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ሦስት ዓመት እንደሆነው የነገረችኝ። ነርስ እህት እያላት ሦስት ዓመት! ስጠይቃት «ጨጓራ ነው ብዬ ነዋ» አለች።

«ጨጓራ ነው»

እኛ ዘንድ ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ አንድ ስም አለው። የሚነፋውም ጨጓራ ነው፣ የሚቆርጠውም ጨጓራ ነው፣ ደረት የሚያቃጥለውም ጨጓራ ነው። ስሙ አንድ ሲሆን መድኃኒቱም አንድ ይሆናል። እህቴ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የጨጓራ ባክቴሪያ ታክማለች፤ ሁለቱንም ጊዜ የ14 ቀን መድኃኒት ጨርሳለች። ሁለቱንም ጊዜ የተመረመረችው በደም ነው። የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን ፀረ-አካል እንጂ ራሱን ባክቴሪያውን አይደለም፤ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ወራት፣ አንዳንዴ ዓመታት «አለ» እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለተኛው ሕክምና ምናልባት የሌለ ጠላት ላይ የተተኮሰ ነበር። አሁን ያለ መሆን አለመሆኑን የሚለየው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው።

ባክቴሪያውን እያቃለልኩ አይደለም። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 አውስትራሊያ ውስጥ ለይተው ሲያወጡት፣ የጨጓራ ቁስል በጭንቀትና በቃሪያ ይመጣል ተብሎ የኖረውን ገለበጡት። ማርሻል ሰው አላምን ሲለው ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ቁስልም የጨጓራ ካንሰርም ያመጣል፣ ሲገኝ መታከም አለበት። ቃር ግን ሌላ መንገድ ነው። በቃር አብዛኛውን ጊዜ አሲዱ አልበዛም፤ ቦታውን ነው የሳተው።

የምግብ ቱቦ ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጨጓራ ላይ በሚደርስበት ጫፍ እንደ ከረጢት አፍ የሚጠብ ክብ ጡንቻ አለ፤ ዙሪያውን ድያፍራም፣ ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ያግዘዋል። ስንውጥ ይከፈታል፣ ካሳለፈ በኋላ ይዘጋል። ጨጓራ ሲወጠር ግን ሳንውጥም ለአፍታ ይላላል፤ አየር ለማስወጣት ነው። ቁጭ ብለን ወይም ቆመን ከሆነ የሚወጣው አየር ነው፤ እናገሳለን። ተጋድመን ከሆነ በሩ ላይ የሚጠብቀው አየሩ ሳይሆን ፈሳሹ ነው። በዚያ ላይ በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ይቀንሳል፣ መዋጥም ከስንት አንዴ ይሆናል፤ ቀን የወጣውን አሲድ አጥቦ የሚመልሰው ደግሞ የምንውጠው ምራቅ ነው። ስለዚህ ቀን ሁለት ደቂቃ አቃጥሎ የሚያልፈው ማታ ቁጭ አድርጎ ያስነጋል።

ይህን በስልክ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችና «እና በርበሬው ምን አደረገ?» አለች።

ሦስት ዓመት የተከሰሰው በርበሬ

ጎረቤት፣ ደንበኛ፣ ዘመድ ሁሉ ክልክል የሚለው አለው። በርበሬ ተይ፣ ቲማቲም ተይ፣ ምስር ተይ፣ ሎሚ ተይ፣ ቡና ተይ። አንድ ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ ዳቦና ወተት ብቻ ይዛ ቆይታለች። ወጥ ሠርታ የምታድር ሴት ዳቦ በወተት! ወተቱ ሲወርድ ለጊዜው ቀዝቀዝ ያደርጋል፣ ቆይቶ ግን ራሱ አሲድ ያስመነጫል፤ እሷ ደግሞ የምትጠጣው ትልቁን ብርጭቆ ሞልታ፣ ከመተኛቷ በፊት ነበር። ነደዳት። ከዚያ የአብሽ ውሃ ሆነ፣ ከዚያ ተልባ። ሁለቱም አልጎዷት፣ አልጠቀሟትም። አንዷ የመከረቻት ፌጦ በሎሚ ግን ጩኸት አስጮኻት፤ የቆሰለ ቱቦ ላይ ሎሚ ማፍሰስ ነውና አይገርምም።

አሲድ የሚቀንሰው መድኃኒት፣ ኦሜፕራዞልም ነበረ። ፋርማሲ ትገዛለች፣ ሲነሳባት ሌሊት አንድ ትውጣለች፣ ሲሻላት ትተዋለች። «አይሠራልኝም» የምትለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የሚዘጋው አሲድ የሚረጩትን ፓምፖች ሥራ ሲጀምሩ ነው፤ ሥራ የሚጀምሩት ምግብ ሲገባ ነው። ስለዚህ ቦታው ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ሌሊት ሲያቃጥል መዋጥ ሌባው ከወጣ በኋላ በር መቆለፍ ነው።

አሁን ውሎዋን ልንገራችሁ፤ መልሱ እዚያ ነው ያለው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ትነሳለች። ቡና በባዶ ሆድ፣ አቦልና ቶና። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁሌት ትጥዳለች። ከዚያ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ በመዳፏ ጠብ እያደረገች ትቀምሳለች፤ ጨው፣ ቅመም፣ ብስለት። ቁርስም ምሳም እሱ ነው። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ተኩል ደንበኛ ነው፣ ቀና አትልም። ወገቧን ስለሚያማት መቀነቷን ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። ሁለት ሰዓት ምሽት ትዘጋለች፣ ጎንበስ ብላ ድስት ታጥባለች፣ ሦስት ሰዓት ቤቷ ትገባለች። እራት ከባሏ ጋር 4 ሰዓት ላይ፤ የቀኑ የመጀመሪያ እውነተኛ ምግቧ ይህ ነው። ርቧታል፣ ሁለት እንጀራ ይሄዳል፣ ባሏም ያጎርሳታል። 4 ሰዓት ተኩል ትተኛለች። ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ቁጭ!

ቀኑን ሙሉ ሰው ስታበላ ውላ ራሷ የምትበላው በትራሷ ጫፍ ላይ ነው። ይህን እያየ ከበርበሬ ጋር የሚጣላ ሰው አድራሻ ተሳስቷል።

ሐኪሙ ጋ

ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም የላክኋት በሌላ ምክንያት ነው። ሳወጣጣት «ሁለት ሦስቴ እንጀራው ደረቴ ላይ ቆም ብሎብኝ ነበር፣ በውሃ ገፋሁት» አለችኝ። የእናታችን አገር አርሲ ነው። ከአርሲና ከባሌ ተነስቶ በኬንያ በኩል እስከ ማላዊና ደቡብ አፍሪካ በሚዘልቀው ቀበቶ የምግብ ቱቦ ካንሰር ከብዙው ዓለም ይልቅ ይበዛል። ዓይነቱ ከአሲድ መመለስ ጋር የሚያያዘው አይደለም፤ ስኳመስ የሚባለው ሌላው ነው። ምልክቱ ግን መጀመሪያ «ምግብ ቆመብኝ» ነው። ስለዚህ ምግብ የሚቆምበት፣ ሳያስበው የሚከሳ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም የሚያስመልስ ወይም ደም የሚያንሰው ሰው የአመጋገብ ምክር ከማንበቡ በፊት መታየት አለበት።

የኢንዶስኮፒው፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥን የማየት ምርመራው፣ ቀጠሮ በ16ኛው ቀን ነበር። ምርመራውን እንዳይሸፍን እስከዚያ ኦሜፕራዞል እንዳትወስድ ተነገራት። እነዚያን 16 ሌሊቶች ዝም ብለው እንዲያልፉ አልፈለግሁም። ደብተሩ የተከፈተው ያኔ ነው። አራት ዓምድ አሰመርኩላት፦ ምን በላሁ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ሌሊቱ። ሌሊቱ ከ0 እስከ 3 ይመዘናል፤ 0 ማለት የለም፣ 3 ማለት ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ምንም ነገር እንዳትለውጥ፣ ዝም ብላ እንድትጽፍ ነገርኳት።

ከ16ቱ ሌሊት 11ዱ 2 ወይም 3 ነበሩ። ከ11ዱ በስድስቱ እራቷ ቀይ ወጥ ነበር፤ በአምስቱ አልጫ፣ ዳቦ ወይም ፍርፍር። በርበሬው ብቻውን ጥፋተኛ አልሆነም። ሰዓቱን ስናይ ግን ሌላ ነው። ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ በበላችባቸው 12 ሌሊቶች 10 ጊዜ ተነሳባት። ቀደም ብላ የበላችባቸው አራት ሌሊቶች ነበሩ፤ አንዴ መብራት ጠፍቶ ቀድማ ዘጋች፣ አንዴ ልቅሶ ቤት ውላ እዚያው በላች፣ ሁለቴ ረቡዕ ስለነበር ምሳ ቤቷ ውስጥ ቀድማ ቀመሰች። ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው የነደደው። አንዱ የልቅሶው ነው፤ ስብ የጠገበ ሥጋ ነበር። እሷ ራሷ ጣቷን ሰዓቱ ላይ አሳርፋ «እንዴ!» አለች። የእኔ የስልክ ንግግር ሁሉ ያላመጣውን ያ «እንዴ» አመጣው።

ኢንዶስኮፒው ሁለት ነገር አሳየ። የምግብ ቱቦው ታችኛው ጫፍ ተልጧል፤ ሎስ አንጀለስ በሚባለው መመዘኛ ደረጃ ኤ፣ ማለትም ከ5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ቀላሉ። ደግሞም የጨጓራዋ አናት በድያፍራም ቀዳዳ ትንሽ ወደ ደረት ወጥቷል፣ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ ሃያታል ሄርኒያ ይሉታል። ክብ ጡንቻውና ድያፍራሙ ሲነጣጠሉ በሩ ይላላል። ካንሰር የለም፣ የተወሰደው ናሙናም ባክቴሪያ የለም አለ። ያን ቀን ማታ ስልኬ ላይ እልልታ ተሰማኝ።

ሐኪሙ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም ለ8 ሳምንት አዘዘላት፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት። ለጉልበቷ ስትውጠው የነበረውን ዲክሎፌናክ አስቆማት፣ በፓራሲታሞል ተካው። ከዚያ «እራትዎን 1 ሰዓት ላይ ይብሉ» አላት። ሳቀች። «ዶክተር፣ 1 ሰዓት ላይ እኮ እኔ ሰው እያበላሁ ነው።» የተከለከሉ ምግቦች የታተሙበት ወረቀትም ተሰጣት፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቸኮላት፣ ናና፣ ብርቱካን እያለ ይወርዳል። ያን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አንድን ምግብ የሚከለክላት ደብተሯ ይሁን እንጂ ወረቀት አይሁን ብዬ ነው። ያለ ሽንኩርት ወጥ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ካለ ደግሞ ልተዋወቀው።

ይህ የእኔ እልህ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ እስከዚያ የተሠሩትን አገላብጦ፣ በእርግጥ ሠርተዋል ያላቸው ክብደት መቀነስንና የአልጋን ራስጌ ከፍ ማድረግን ነው፤ ቡናንና ቅመምን መተው ብቻውን ለውጥ ስለማምጣቱ በቂ ማስረጃ አላገኘም። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2022 ባወጣው መመሪያ ውፍረት ካለ መቀነስን፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ከ2 እስከ 3 ሰዓታት አለመብላትን፣ ራስጌን ከፍ ማድረግንና እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቀስቃሽ ምግብ ለይቶ መተውን ይመክራል። የራሱን። ይህች ቃል ናት ከጎረቤት ምክር የጠፋችው።

እራቱን ማንሳት

ሰዓቱ ተለወጠ ለማለት ቀላል ነው፤ ለመለወጥ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። መጀመሪያ የሠራነው ዋናውን ምግብ ከማታ ወደ ቀን ማምጣት ነበር። 9 ሰዓት ላይ ደንበኛ ይሳሳል። ያኔ ሠራተኞቿን ይዛ ቁጭ ብላ፣ ትሪ ዘርግታ እንድትበላ ተስማማን። ቁጭ ብሎ መብላት ለእሷ ቅንጦት ይመስላት ነበር፤ «ባለቤቷ ተቀምጣ ስትበላ ደንበኛ ቢያይ» ትላለች። ቢያይ ጥሩ ማስታወቂያ ነው አልኳት። ማታ ሳትዘጋ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት፣ ትንሽ ነገር፤ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ወይም ገብስ ሾርባ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ብቻ። ስትተኛ 4 ሰዓት ስለሚሆን መካከሉ ሦስት ሰዓት አለው።

ያልጠበቅሁት እንቅፋት ባሏ ነው። «ሃያ ዓመት አብረን በልተን፣ አሁን እራቴን ብቻዬን ልበላ ነው?» አለ። ቀልድ አልነበረም፤ አኩርፎ ሁለት ቀን ሳይበላ አድሯል። እዚህ ላይ የትኛውም የሕክምና መጽሐፍ አያግዝም። እኛ አገር ከማዕድ መነሳት፣ ጉርሻ መመለስ፣ «በሞቴ» እየተባለ እምቢ ማለት ከመድኃኒት በላይ ይመርራል። መላውን ያገኘችው ራሷ ናት። እሱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሲበላ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ታጎርሰዋለች፣ አትጎርስም። የመጀመሪያ ሳምንት ፊቱ ጠቁሮ ነበር። በኋላ ለምዶት «የጎረሰው እኔ፣ የተሻላት እሷ» እያለ ያወራል።

ቀጥሎ አልጋው። ሁለት ሦስት ትራስ ደራርባ ትተኛ ነበር። ያ የሚያጥፈው ወገብን ነው፤ ሆድ ይጨፈለቃል፣ የባሰ ይገፋል። የሚያስፈልገው አካሉ ከዳሌ ጀምሮ እንዲያዘነብል ነው። ባለ 15 ብሎኬት ሁለት ገዝታ በጎኑ አጋድማ ከራስጌው እግሮች ሥር አደረገች፣ 15 ሳንቲ ሜትር። ባልየው በመጀመሪያው ሌሊት ተንሸራቶ እግርጌ ተገኘ፤ «ተራራ ላይ አጋደምሽኝ» አለ። አንሶላው ሥር ብርድ ልብስ ስናነጥፍ መንሸራተቱ ቀነሰ። በግራ ጎኗ እንድትተኛም ነገርኳት። የጨጓራ ትልቁ ከረጢት በግራ በኩል ስለሆነ፣ በግራ ሲተኙ ፈሳሹ ከበሩ ዝቅ ብሎ ይከማቻል፤ በቀኝ ሲተኙ በሩ ላይ ይተኛል። የወጣው አሲድም በግራ ቶሎ እንደሚመለስ በመሣሪያ ተለክቷል።

መቀነቱን ማላላት አንድ ቀን ፈጀ። ሆድን በቀበቶ ማጥበቅ አሲድን ወደ ላይ እንደሚገፋ ስነግራት «ወገቤንስ?» አለች፣ ትክክል ነበረች። መፍትሔው ለድስት እጥበቱ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ማሠራት ሆነ፤ አሁን ስታጥብ አትጎነበስም፣ ወገቧም መቀነት አይጠይቅም። አንድ እንጨት ሥራ ሁለት ችግር ፈታ።

ቡናውን አላስጣልኳትም፤ ብሞክርም አይሳካልኝም ነበር። ጠዋት መጀመሪያ ትንሽ ቂጣ ወይም ቆሎ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ትጠጣለች። ከ10 ሰዓት በኋላ ያለውን የማታ ቡና ተወች። አቦሉን ለእንግዳ እየሰጠች ከቶና ልትጀምርም ሞክራ ነበር፤ ሦስት ቀን ቆየና «ያለ አቦል ቡና ቡና አይደለም» ብላ ተመለሰች። ደብተሩ ላይ ልዩነት አላየሁም፣ አልተከራከርኳትም። ከምግብ በኋላ ማስቲካ ማኘክ ምራቅ ስለሚያበዛ ያግዛል ብያት ነበር። «የምሳ ቤት ባለቤት ማስቲካ እያላመጠች?» ብላ ዘጋችኝ።

መድኃኒቱ ሲቆም

8 ሳምንቱ ጥር 16 አለቀ። ሌሊቶቹ ሁሉ 0 ነበሩ፣ ግን መድኃኒት ላይ ሆኖ 0 መሆን ብዙ አይነግርም። ባቆመች በሦስተኛው ቀን ቃሩ ተመለሰ። «ሱሰኛ አደረገኝ፣ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው» ብላ አለቀሰች። ይህን ቀድሜ ባለማስጠንቀቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዴንማርክ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት ቃር ኖሯቸው የማያውቁ 120 ጤነኞች ተከፍለው፣ ግማሾቹ እንዲህ ያለ መድኃኒት ለ8 ሳምንት ወሰዱ። ካቆሙ በኋላ ከወሰዱት 44 በመቶው ቃር ወይም መሰሉ ስሜት መጣባቸው፤ ካልወሰዱት 15 በመቶው ብቻ። ተዘግተው የቆዩት ፓምፖች ሲከፈቱ ለጊዜው አብዝተው ይረጫሉ። በሽታው ተመለሰ ብሎ መድኃኒቱን እንደገና የሚጀምረው ሰው ብዙ ነው፣ እንዲህ እያለም ዓመታት ይቆጠራሉ። በሐኪሟ ምክር ሲብስባት ብቻ አሲድ የሚያበርድ ሽሮፕ እየወሰደች አለፈችው። ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ፈጅቷል።

ከባድ የቱቦ ቁስል ያለበት ወይም ሐኪሙ በምክንያት ቀጥል ያለው ሰው ይህን አንብቦ መድኃኒቱን እንዳይጥል። የእህቴ ደረጃ ኤ ነበር።

ሁዳዴና ፋሲካ

የካቲት 17 ዓቢይ ጾም ገባ። ጎረቤት «ጨጓራ ያለበት አይጾምም» አለ፤ እኔም በልቤ ፈርቼ ነበር። እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች፣ ወጥ የምትቀምስላት ወጣቷ ሠራተኛ ሆነች። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ቅቤና ሥጋ የለም፣ ምግቡ 9 ሰዓት ላይ ነው፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ጥቂት ነገር። ከ55ቱ ቀን ደብተሩ ላይ 2 የተጻፈባቸው አራት ሌሊቶች ብቻ ናቸው። ሁለቱ ሳምቡሳ የበላችባቸው ናቸው፤ ለጨጓራ ዘይትም ቅቤም ያው ስብ ነው፣ ቶሎ አይወርድም። ጾሙ ራሱ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። የጨጓራ ቁስል ያለበት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። የእሷ ጾም የሠራው የምግቧን ሰዓት ስላስተካከለላት ነው።

ሚያዝያ 12 ፋሲካ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ዶሮው ቀርቧል፣ ቅቤው ይሸታል፣ ልጆች ከአዲስ አበባ መጥተዋል፣ 55 ቀን ተጹሟል። ሁለት ብልት፣ እንቁላል፣ አይብ፣ አንድ ብርሌ ጠጅ። 10 ሰዓት ላይ ተኛች፣ 11 ሰዓት ላይ ያስመልሳት ጀመር። የዚያ ቀን መዝገብ ሁለት ቃል ነው፦ «ፋሲካ። 3።» ስለ ቃር ላስተምር ብፈልግ ከዚህ የተሻለ ሠርቶ ማሳያ አላገኝም፤ ባዶና የተኮማተረ ጨጓራ፣ ድንገት ስብና መጠጥ፣ ከዚያ መጋደም። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ሲፈታ ግን የበሉት ከቅዳሴ በኋላ በቀን ስለነበር፣ ያው ዶሮ ወጥ ምንም አላደረጋትም።

የቀረው ክብደቱ ነው። ከማታ ሁለት እንጀራ ወደ ቀን አንድ ተኩል ስትወርድ፣ ጠዋትም አንድ ፌርማታ ያህል በእግሯ መሄድ ስትጀምር፣ ጳጉሜን ላይ 72 ኪሎ ሆነች። ስድስት ኪሎ በአሥር ወር፤ ለዓይን አይታይም፣ ለመቀነቱ ግን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት ከ40 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴት ነርሶችን ተከታትሎ ነበር። የተስተካከለ ክብደት፣ አለማጨስ፣ በቀን 30 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ቡና ሻይና ለስላሳ በድምሩ ከሁለት ስኒ አለማለፍ፣ ጤናማ አመጋገብ፤ አምስቱንም የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ከቃሩ 37 በመቶው ባልመጣ ነበር ብሎ ይገምታል። እህቴ ከአምስቱ ሦስቱን እንኳ በቅጡ አልያዘችም። እኔ ነርሷም ቡናው ላይ ስደርስ ዝም ነው የምለው።

ያልተፈታ ነገርም አለ። ሠራተኛ ጥሎባት ሲሄድና የቤት ኪራይ ሲደርስ፣ ምንም ሳትሳሳት ሁለት ሦስት ሌሊት ይነሳባታል። ጠዋት ጠዋት ጉሮሮዋን መጠራረግም አልተዋትም፤ የአሲዱ ይሁን የቁሌቱ ጭስ አልለየሁትም። ሄርኒያውም እዚያው ነው፣ በምግብ አይጠፋም። ምግብ መቆሙ ግን አልተመለሰም፤ ከተመለሰ ያንኑ ሳምንት ሐኪም ጋ እንደምትሄድ ተስማምተናል።

ባለፈው መስከረም ደብተሩን ስትሰጠኝ የመጨረሻውን መዝገብ አየሁት። «ሽሮ፣ ግማሽ እንጀራ። 1 ሰዓት። ተኛሁ 4 ሰዓት። 0።» ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ሁሉ የደንበኞች ዱቤ ነው።